ጫማዬን ተውትና ባዶ እግራችንን እዩት!

ኃጢአቴን ልናዘዝና ልገላገል። ጫማ እወዳለሁ። መውደድ ብቻ አይደለም፣ ያመኛል! ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በገባሁ ቁጥር ከጉዳዬ በፊት የምጨርሰው የፒያሳንና የቦሌን የጫማ ቤት መስታወት ነው። የምገዛበት ገንዘብ ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ። በየጋዜጣው እየጻፍኩ በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ፣ ዲፕሎማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ያስቀመጥኩ ሴት ነኝ። ግን አያለሁ። ታኮው እንዴት እንደቆመ፣ ስፌቱ ከየት ተነስቶ የት እንደጠፋ፣ አፍንጫው ሹል ይሁን ክብ… ሌላው ሰው ሥዕል የሚያየውን ያህል እኔ ጫማ አያለሁ። አልጋዬ ሥር አሥራ አራት ጥንድ አለ። ግማሹን አድርጌው አላውቅም። ከካርቶኑ አውጥቼ፣ አይቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ እመልሰዋለሁ።

እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ እግርሽ ስንት ነው?» ትለኛለች። ጎረቤታችን ደግሞ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር «እግዜር የሰጠን ሁለት እግር ነው እቴ!» ሳትለኝ ሁለተኛው አይቀዳም። ስድቡን ለምጄዋለሁ። ወንድ መኪና ሲወድ «ባለ ራዕይ» ይባላል፣ ሴት ጫማ ስትወድ «ብኩን» ትባላለች። ይሁን፣ ብኩን ነኝ! ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ግን ራሴን ለመከላከል አይደለም። ባለፈው ክረምት በአንድ ጫማ ሰፊ ጥላ ሥር ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ታኮ ጫማ ገዛሁ። ጥቁር፣ አፍንጫው ሹል፣ ሶሉ ቀይ! የጫማ ፍቅር ያለባችሁ እህቶቼ ቀይ ሶል ሲባል ልባችሁ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ክርስቲያን ሉቡቲን የተባለው ፈረንሳዊ ጫማ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የረዳቱን ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብሎ የአንዱን ጫማ ሶል ቀባና ከዚያ ወዲህ ቀይ ሶል ማለት እሱ ሆነ። ነጋዴው «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ማለልኝ። ዋጋውን ልንገራችሁ? እናቴ ይህን ጋዜጣ ታነበዋለችና ይቅር።

ጦርነቱ ክልላችን ከገባ ከ2015 ዓ.ም ማለቂያ ወዲህ የጎጃም መንገድ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። መንገድ የተከፈተ ቀን ጠብቄ፣ ጫማዬን እንደ ታቦት አቅፌ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄና ወጥቼ ማርቆስ ገባሁ። በማግስቱ አድርጌው ወጣሁ። መቶ እርምጃ አልሄድኩም፣ ኮብልስቶኑ መሀል ታኮው ቀጭ! አለ።

እያነከስኩ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ደረስኩ። ጋሼ የምላቸው፣ ላስቲክ ወጥረው ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ጥግ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ጫማውን ገልብጠው አዩትና በወስፌያቸው ጫፍ ጫር አደረጉት። ቀዩ ተላጠ። ከሥሩ ግራጫ ነገር ብቅ አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ቆዳ አይደለም። ካርቶን ነው። በጠራራ ፀሐይ ዘርፈውሻል» አሉኝ።

ክው ብዬ ሳለሁ አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ቀረበች። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። በእጇ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ይዛለች። «ጋሼ፣ ይቺን ከላይ ቀደው ያሰፉልኛል?» አለች። የቀሚሷን ጠርዝ እየጎተተች እግሯን ለመሸፈን ትሞክራለች፣ ቀሚሱ ግን አይበቃም። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል። ጣቶቿ ላይ እንደ ሽበት የመሰለ ነገር በቅሎ ከድንጋይ መለየት ያስቸግራል። አጠገባችን የነበረች ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። እኔስ? ልዋሽ? እኔም እግሬን ሰበሰብኩ።

አየችኝ። ከዚያ የተሰበረውን ጫማዬን አየችና «ያምራል» አለች። ቀጥላም «እግር ላለው ያምራል» አለችኝ። ምሬት የለበትም፣ ተረብም አይደለም። እንዲያው የምታውቀውን ነገረችኝ። መጀመሪያ ጫማ ያደረገችው የተዳረች ጊዜ እንደነበረና ያኔም እግሯ ማበጥ ጀምሮት እንደነበር ስታወራ ጋሼ ኮንጎውን ሰንጥቀው፣ ከጎማ ቁራጭ ጨምረው አሰፉላት። ገንዘብ አልተቀበሏትም።

ይህ በሽታ እርግማን አይደለም። መተት ረግጣም አይደለም። በሐኪሞች አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ለረጅም ዓመታት ሲያጠናው የኖረ ሲሆን፣ ቃሉን የመሠረተው እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው። በደጋው፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ዓመታት የሚሄድ ሰው ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳው በኩል ይገባበታል። ቅንጣቱ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስበትን ሥር ያቆስለዋል፣ ይዘጋዋል። እግር ያብጣል። ትንኝ አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የተጋላጭነት ነገር ስላለው በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይይዛል፣ ያንን አይተው ነው ሰዎች «ዘራቸው ነው» እያሉ ልጃገረዶቹን ከጋብቻ የሚያርቁት። ጫማ ያልተለየው እግር ግን ዘሩ ምንም ይሁን ምን አያብጥም።

እስቲ ቁጥሩን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በእኛው ጎጃም፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች፣ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 3.3 በመቶው ይህ በሽታ እንዳለበት አረጋግጧል። ከሠላሳ ሰው አንድ ማለት ነው! በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የታማሚው አዋቂ ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ተገምቷል። መከላከያው ምንድን ነው? ከውጭ የሚመጣ ክትባት? በዶላር የሚገዛ መሣሪያ? አይደለም። ጫማ፣ ውኃና ሳሙና! የታመመውም ቢሆን በየቀኑ እግሩን ቢያጥብ፣ ቅባት ቢቀባ፣ ቢጠቀልልና የሚበቃው ጫማ ቢያገኝ እብጠቱ ይቀንሳል፣ የሚጥለው ትኩሳትም ይርቃል። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ ይህንኑ አሳይቷል። እንግዲህ ጫማ ለኛ አገር ቅንጦት ነው ወይስ መድኃኒት?

«የኛ ሕዝብ ባዶ እግሩን ለምዶታል» የሚሉ አሉ። እንዲያውም አበበ ቢቂላን ይጠቅሱልናል። እሺ፣ እንነጋገር! አበበ በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ባዶ እግር ባህሉ ስለሆነ ሳይሆን የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ ዓለም ጉድ አለ። በ1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይስ? ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ብዙ ሳይቆይ! ባዶ እግር ያለውን ጀግንነት ለፎቶግራፍ ያቆዩልን። ጀግናውም ጫማ ሲያገኝ ይበልጥ ፈጥኗል።

የጎጃም ሴት እግሯን ማስዋብ ከፓሪስ አልተማረችም። እናቶቻችን ለሠርግ እግራቸውን በእንሶስላ ያሞቁ ነበር። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የብር አልቦ ያስሩ ነበር። ዛሬም ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡትን እዩ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው ይመጡና ከተማው ጫፍ ሲደርሱ ታጥበው ያደርጉታል። ለምን? ጫማው እንዳያልቅ! እግሩ ይለቅ፣ ጫማው ይኑር ማለት ነው። ይህ የውበት ፍቅር ማጣት አይደለም፣ የገንዘብ ማጣት ነው። እኔ አሥራ አራቱን ጥንድ ካርቶን ውስጥ የማስቀምጥበትና እነሱ አንዱን በእጃቸው የሚይዙበት ምክንያት ይለያይ እንጂ ፍቅሩ አንድ ነው።

ወደ አንገብጋቢው ልምጣ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኛ ተብሎ የተተረተ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባወጣው ናሙና ጥናት የአገራችን የቀንድ ከብት ብቻ 70 ሚሊዮን ደርሷል። በጉና ፍየሉ ሌላ! የደጋ በጋችን ቆዳ ስስነቱና ጥንካሬው ለጓንት ተፈላጊ ሆኖ አውሮፓ ድረስ ይታወቃል። ታዲያ ባለፉት ዓመታት በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ማግስት በየከተማው ጥግ ያየነው ምንድን ነው? ገዢ አጥቶ የተጣለ ቆዳ! ውሻ ሲጎትተው! ያ ቆዳ ደብረ ኤልያስ ላለች ሕፃን ጫማ ሊሆን የሚችል ቆዳ ነበር። እኔ ደግሞ በዚሁ አገር ቀለም የተቀባ ካርቶን በውድ ዋጋ ገዛሁ። ላም አለኝ በሰማይ!

እጅ አጥተን ነው እንዳንል መርካቶ ሸራ ተራ ያሉ ወጣቶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሰፉትን የሴት ጫማ ያየ ያውቃል። በ2004 ዓ.ም ዱከም የገባው ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ፋብሪካ በኢትዮጵያውያን እጅ እንደ ጌስ ላሉ ስመ ጥር የአሜሪካ ብራንዶች የሴት ጫማ አሠርቶ ልኳል። እንግዲህ የኒውዮርክ ሴት የምታደርገውን ጫማ የኛ ልጆች መስፋት ከቻሉ፣ የደምበጫዋን ሕፃን ጫማ መስፋት እንዴት ያቅታቸዋል? ከዚያ ደግሞ ጦርነት መጣና ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋን ዘጋችብን። ጉዳቱን የተሸከመው ማን ነው? ውሳኔ የወሰኑት አይደሉም። መስፊያ መኪና ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

የራሳችንንም ጉድ እንናገር። ለዘመናት ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን ስንሰድብ፣ ልጃችንን ስንነፍገው፣ ከማኅበራችን ስናገለው ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን የሚሰድብን የሚያስጠነቅቅ አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡ ግን ቀረ? ባለ ሙያውን ንቀን ሙያውን ከጣልን በኋላ የፈረንጅ ሶል ቀይነቱን እንሳለማለን። እኔን ጨምሮ!

ሹማምንቶቻችንም እስቲ ዝቅ ብለው እግራቸውን ይዩ። መድረክ ላይ ወጥተው «የአገራችሁን ምርት ተጠቀሙ» ሲሉ እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ከጠረጴዛው ሥር ነው። የጫማ በሽተኛ ነኝ ብያችኋለሁ፣ ከየት እንደመጣ በስፌቱ አውቃለሁ! የፊሊፒንሷ ኢሜልዳ ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1986 ከባለቤቷ ጋር ከሥልጣን ተባርራ ስትወጣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከ1,000 ጥንድ በላይ ጫማ ተገኘ። ዛሬ ከነዚያ ጫማዎች ብዙዎቹ ማሪኪና በምትባል የጫማ ሠሪዎች ከተማ ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ ተደርድረዋል። የሴትየዋ ጥፋት ጫማ መውደዷ ነበር? አይመስለኝም። ጥፋቷ የሕዝቡን እግር አለማየቷ ነው። ጫማ መውደድና ባዶ እግር አለማየት ለየቅል ናቸው። ይህን ልዩነት ባለሥልጣን ካላወቀው ታሪክ ያስታውሰዋል።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። አንደኛ፣ በሕጋችን በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። አገር ውስጥ የሚሠራ የሕፃናት ጫማም ከ15 በመቶው ነፃ ይሁን፣ በቀይ አፈር ላይ መድኃኒት ነውና። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ለተማሪዎቿ ምግብና የደንብ ልብስ ማቅረብ ጀምራለች፣ እሰየው! የደብረ ኤልያስና የደምበጫ ተማሪስ የማን ልጅ ነው? ከደብተሩ ጋር ጫማ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ያበጠ እግር የሚበቃው ጫማ በየጤና ጣቢያው እንዲገኝ በየከተማው ላሉ ጫማ ሰፊዎች ሥራው ይሰጣቸው። ጋሼ በነፃ የሚሠሩትን መንግሥት ከፍሎ ያሠራ! አራተኛ ደግሞ ለእኛ ለሴቶቹ ነው። ገንዘባችንን ቀለም ለተቀባ ካርቶን ከምንሰጥ ለሸራ ተራ ልጅ እንስጠው። ሶሉን ቀይ አድርግልኝ ብንለው አያቅተውም።

አሥራ አራቱን ጥንድ ሸጥኩ፣ መነኮስኩ ብዬ አልዋሽም። አሁንም አሉ፣ አሁንም አውጥቼ አያቸዋለሁ። የሚያሳፍረኝ እነሱ አይደሉም። የሚያሳፍረኝ ያቺ እህቴ ስትቀርብ እግሬን መሰብሰቤ ነው። የተሰበረውን ታኮ ጋሼ በእውነተኛ ቆዳ ጠግነውልኛል። ገበያ ቀን እሱን አድርጌ እዚያው ላስቲክ ሥር እቀመጣለሁ። ከመጣች አጠገቤ ቦታ አለ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!