ቀለሙን ከመምረጣችን በፊት ውኃውን እንየው

«ዓሣ መብላት በብልሃት» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ለአጥንቱ ነው። እኔ ግን ብልሃቱ ከገበታ በፊት፣ ገና ከውኃው ዳር መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ እዚህ ቃሊቲ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው። እሁድ እሁድ መንጠቆና ናይለን ክር ይዘው ወደ አቃቂ ወንዝና ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱ ልጆች አሉ። ለአንዳንዶቹ ውጭ ያሉ ዘመዶቻቸው ከሻንጣ ጥግ ሻጥ አድርገው የሚልኩላቸው ነገር አለ። ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ዓይን የተሣለበት፣ ከሆዱ ሥር ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ የተንጠለጠለበት የውሸት ዓሣ ነው። ልጆቹ ሳጥኑን ከፍተው ይከራከራሉ። «ቀዩ ይሻላል ወይስ አረንጓዴው?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሌላ አገር ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚጨቃጨቁበት ነው። ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ውኃው ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። በበኩሌ ይህን ሳይመልስ ወደ ቀለም የሚሮጥ ሰው ዓሣ አያጠምድም፤ ቢያጠምድም ምን እንዳጠመደ አያውቅም እላለሁ።

እስቲ በቅድሚያ ዕቃውን እንተዋወቀው። ፈረንጆቹ «ክራንክቤይት» ይሉታል። ከአፉ ሥር እንደ ምላስ ወጣ ያለ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አለው። ክሩ ሲጎተት ውኃው ምላሱን ይገፋዋል፤ ዕቃው አፍንጫውን ደፍቶ ይጠልቃል፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘም ይዋኛል። ምላሱ ረጅምና ወደ ፊት የተዘረጋ ከሆነ በጣም ይጠልቃል። አጭርና ወደ ታች የቆመ ከሆነ ከላይ ከላይ ይላል። ጥልቅ ጠላቂ የሚባሉት ከ3 እስከ 6 ሜትር፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይወርዳሉ። ክሩም የራሱ ድርሻ አለው። ወፍራም ክር ውኃው ስለሚይዘው ዕቃውን ወደ ላይ ያስቀረዋል፤ ቀጭን ክር ያጠልቀዋል። ለመጥለቅ ደግሞ መንደርደሪያ ስለሚያስፈልገው ርቆ የተወረወረ ይበልጥ ይወርዳል። አብዛኞቹ ተንሳፋፊዎች ናቸው። ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲነካ መጎተቱን ለአፍታ ካቆሙለት ራሱን አላቆ ወደ ላይ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የተፈለሰፈው ውኃን በማየት ነው። ፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ላውሪ ራፓላ እ.ኤ.አ. በ1936 ከቡሽ ጠርቦ የመጀመሪያውን ማታለያ ሠራ። ላዩን የሸፈነው በቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት ነበር፤ ውኃ እንዳያስገባም የፎቶግራፍ ኔጌቲቭ አቅልጦ ቀባው። ሐሳቡ የመጣለት ትልልቆቹ ዓሦች ከመንጋው መሀል እያነከሰ የሚዋኘውን ደካማ ትንሽ ዓሣ ለይተው ሲያጠቁ አይቶ ነው ይባላል። ሰውየው ብዙ ጊዜ ውኃ ዳር ሆኖ ተመለከተ፣ ከዚያ ጠረበ። እኛ ዘንድ የተጠረበው ነው በፖስታ የሚደርሰን፤ ማየቱን ግን ማንም አይልክልንም።

የሳጥኑ ዕቃ በብዛት የተሠራው «ባስ» ለሚባለው የአሜሪካ ዓሣ ነው። ባስ አዳኝ ነው፤ በጋ ሲሆንና ከላይ ያለው ውኃ ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ጥልቅ ጠላቂ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። እኛ አገር ይህን ዕቃ ሊያባርር የሚችል ዓሣ የለም ማለት አይደለም። በጫሞ ናይል ፐርች አለ። በኦሞ ወንዝ ጥርሰ ረጃጅሙ ነብር ዓሣ አለ። በባሌ ተራራ ወንዞች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ የመጣው ትራውት አለ። ጣና ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ስለዚህ ዕቃው አገር ቢስት እንጂ ከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ውኃ ብርሃንን እኩል አያሳልፍም። ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው። ጥቂት ሜትሮች እንደወረደ ቀዩ ማታለያ ግራጫ፣ ከዚያም ጥቁር ይመስላል። ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተላሉ፤ ሰማያዊ ከሁሉም ይቆያል። ደፍርሶ አፈር ወይም አረንጓዴ አልጌ የያዘ ውኃ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሰማያዊው ቶሎ ይሞታል፣ ትንሽ ራቅ ብለው የሚሄዱት አረንጓዴና ቢጫ ናቸው። የአጥማጆች ልማድም ይህንኑ ይከተላል። ለጠራ ውኃ እውነተኛ ዓሣ የሚመስል ፈዛዛ፣ ብርማ ቀለም፤ ለደፈረሰ ውኃ የሚጮህ ቢጫ-አረንጓዴ፣ ወይም ጥላው ጎልቶ የሚታይ ጥቁር።

ዓሣውስ ምን ያያል? የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ባስ ቀይንና አረንጓዴን ለይቶ እንደሚያይ አሳይተዋል። ደማቁን ቢጫ-አረንጓዴ ከነጭ፣ ሰማያዊውን ከጥቁር መለየት ግን ይቸግረዋል። እንግዲህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት በመቶ የሚቆጠሩ ቀለሞች ስንቶቹ ለዓሣው፣ ስንቶቹ ለገዢው ዓይን እንደተቀቡ መገመት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቹ በቅድሚያ የሚያጠምዱት ሰውን ነው።

ይህን ሕግ ይዘን ከቃሊቲ በአሮጌው መንገድ በዱከም አድርገን ወደ ቢሾፍቱ ብንወርድ ባቦጋያ ሐይቅን እናገኛለን። ጥልቀቱ እስከ 65 ሜትር የሚደርስ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ነው። ደቡብ ብንዘልቅ ላንጋኖ ቡናማ ነው፤ ዓባያ ቀይ ሸክላ የመሰለ ድፍርስ ነው፤ ጎረቤቱ ጫሞ ከእሱ ይጠራል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ ከሁሉ ጥልቅ በሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። 6 ሜትር የሚጠልቅ ዕቃ በብዙ የጣና ዳርቻ ላይ መሬት ያርሳል ማለት ነው። አንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ ውኃ እያለ «ጥሩው ቀለም የቱ ነው?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ «ጥሩው ልብስ የቱ ነው?» እንደማለት ነው። ለደብረ ብርሃን ነው ወይስ ለሰመራ?

እሺ፣ ለእኛስ? ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች አቋርጠው የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። ግድቡ የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። የውኃው ፊት በእምቦጭ ይሸፈናል። የሚመጣው ውኃ አፈሩን፣ ፌስታሉን፣ የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ይዞ ነው። እዚያ ላይ ጥልቅ ጠላቂውን ብትወረውሩት ሦስት ጣቱ መንጠቆ የሚይዘው ፌስታልና የእምቦጭ ሥር ነው። በእንደዚህ ያለ ውኃ ውስጥ ኑሮ የሚሆንላቸው እንደ አምባዛና ካርፕ ያሉት ናቸው። አምባዛ በጢሙና በማሽተት ነው የሚፈልገው፤ ካርፕም ከሥር ጭቃ እየቆፈረ ይለቅማል። ለእነሱ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ነው። የአምስት ሣንቲም ትል ወይም የሊጥ ድቡልቡል ከአሜሪካ ከመጣው ሳጥን ሙሉ ዕቃ ይበልጣል።

ስለዚህ የቀለሙ ጥያቄ እኛ ጋ ሲደርስ መልሱ «የትኛውም» ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መልሱ ሳይሆን ምክንያቱ ነው። ቀለም መምረጥ ትርጉም እንዳይኖረው ያደረገው ምንድን ነው? ሌላ ቦታ ውኃ በዝናብ ይደፈርሳል፣ በበጋ ይጠራል። የእኛ ግን በበጋም የሚመጣው ያው ነው።

ልጆቹ «ዓሣ ከኖረበት ውኃው ደህና ነው» ይሉኛል። ትልልቅ ሰዎችም ሲሉት ሰምቻለሁ። ይህ ግምት አደገኛ ነው። አምባዛ ከጉሮሮው አካባቢ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ኦክስጅን ባለቀበት ውኃ ውስጥ ብቅ እያለ ከላይ አየር ይተነፍሳል። ካርፕም ብዙ የሚችል ዓሣ ነው። እነሱ በሕይወት መገኘታቸው ስለ ውኃው ንጽሕና አይመሰክርም፤ ስለ ራሳቸው ጥንካሬ ነው የሚመሰክረው። በአቃቂ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነው። እንዲህ ያለ ብረት ደግሞ በማጠብም ሆነ በመጥበስ አይጠፋም። በዐቢይ ጾም የዓሣ ዋጋ ሲንር በርካሽ የተገኘ አምባዛ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ?

«ድሃ ያገኘውን ይብላ እንጂ፣ ምን አማራጭ አለው?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክሩ ከርኅራኄ የመጣ ነውና አልንቀውም። ግን ርኅራኄ ከሆነ ድሃው የሚበላው ነገር ምን እንደያዘ እንዲያውቅ ማድረግ ይቀድማል። ሌሎች ደግሞ «መንግሥት ጀምሮታል» ይላሉ። እውነት ነው፣ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻዎች ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው። እዚሁ ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያም ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል። ይህ ጥሩ ነው። ዳርቻው ማማሩ ግን ውኃው መጥራቱን አይነግረንም። «የዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» ይባላል፤ የእኛ ወንዝ አናት ያለው ከላይ ከከተማው ነው፣ ቃሊቲ ጅራቱ ላይ ናት። ከእኛም በታች ደግሞ አዋሽ አለ፣ ቆቃ አለ፤ እዚያም መረብ የሚጥል፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ትንንሽ ነገሮችን ነው የማነሳው።

አንደኛ፣ ለመለካት ፋብሪካ አያስፈልግም። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 ነጭ ክብ ነገር በገመድ ወደ ባሕር አውርዶ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ለካ። የሳይንስ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። የድስት ክዳን ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በተቋጠረ ሲባጎ ማውረድ ማንን ያቅታል? አጥማጁ ቀለም ለመምረጥ የሚያስፈልገው ቁጥር ይኸው ነው፤ ሰፈሩም ወንዙ ካምናው ተሻለ ወይስ ባሰ ለማለት የሚያስፈልገው ይኸው ቁጥር ነው። በርግጥ ክዳኑ ክሮሚየምን አያሳይም። ጠይቆ መጀመርን ግን ያስለምዳል።

ሁለተኛ፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት የአባ ሳሙኤልን ዓሣ በየጊዜው አስመርምረው ውጤቱን ውኃው ዳር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢለጥፉ ምን ይከብዳል? ይበላል ከሆነ ይበላል፣ አይበላም ከሆነ አይበላም። እስከዚያው ድረስ ልጆቹን «አጥምዱ፣ ተጫወቱ፣ ግን አትብሉ፣ አትሽጡም» ነው የምላቸው።

ሦስተኛው ለራሳችን ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። ስለ ዓሣ የምንዘግበው ወይ ጾም ሲገባ ስለ ዋጋው፣ ወይ በዓመት ስንት ቶን ተመረተ እያልን ነው። ቶኑን የነገረንን ሰው «የውኃው ቀለም ምን ይመስላል? ከላይ ምን ይለቀቅበታል?» ብለን ብንጠይቀው ዜናው ሌላ ይሆን ነበር። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው አባባል ሰውን ለማስፈራራት የተነገረ ይመስላል። ለእኛ ሙያ ግን እንደ ሥራ ዝርዝር ነው የሚሆነው። ዘንዶው እዚያው እያለ ዓሣ ብቻ ቆጥሮ መመለስ ምን ይሉታል?

ውጭ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ነገር አለኝ። ሳጥኑን መላኩን አትተዉ፤ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። ስትልኩ ግን እናንተ ያላችሁበት ሐይቅ ዳር የተለጠፈውን «ከዚህ ዓሣ በወር ይህን ያህል ብቻ ብሉ» የሚለውን ማስታወቂያ ፎቶ አንስታችሁ አብራችሁ ላኩልን። ከቀዩም ከአረንጓዴውም ይልቅ እኛ ዘንድ የሌለው እሱ ነው።