የዱር መንጋ ማገገምና የአዳኝ ምስክርነት
በ1880 ዓ.ም. ከምፅዋ ተነሥቶ አገሪቱን ያዳረሰው የደስታ በሽታ ከቀንድ ከብት ሌላ እንደ ጎሽ ያሉ የዱር እንስሳትንም የሚፈጅ ነበር። ስለ ክፉ ቀን የተጻፈው ግን በአብዛኛው የሚያወሳው በሬ ያጣውን ገበሬ ነው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ቢታወጅም፣ ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ ዛሬም አለ፤ በ2009 ዓ.ም. በሞንጎሊያ ሳይጋ የተሰኘውን የዱር እንስሳ በብዛት ገድሏል።

በእኔ እምነት የመንጋ ማገገም በቆጠራ ብቻ አይለካም። ግልገል ያስከተሉ እንስቶች መብዛታቸውን፣ ዱካው ወደ ቀድሞው ውኃ መመለሱን ቀድሞ የሚያስተውለው አዳኝ ነው። ይሁንና መከሰስን የሚፈራ አዳኝ አይናገርም። ስለዚህ በጋፋትና በጉና ዙሪያ ድኩላንና ሚዳቋን የሚያጠና ተመራማሪ፣ ስም ሳይመዘግብ፣ የአዳኞችን ምስክርነት ከወረርሽኝ በፊት ይሰብስብ፤ ያለዚያ ማገገሙን የምናነጻጽርበት መነሻ አይኖረንም።