ተርጓሚው የእኛ፣ ማተሚያው የሌላ፦ እስከ መቼ?

የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመው ጎንደር አይደለም፤ ደብረ ሊባኖስም አይደለም። ካይሮ ነው። አቡ ሩሚ የተባለ፣ ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ህንድን ዞሮ ያየ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ዐሥር ዓመት ያህል ደከመበት። የፈረንሳዩ የቆንስላ ሹም አሴሊን ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከእርሱ ጋር ይመረምር ነበር። ከ9,500 የሚበልጥ ገጽ በእጅ ተጻፈ። ሽማግሌው ሥራው ከተጠናቀቀ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 የገዛው የእንግሊዞቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ሽማግሌው የደከመበትን መጽሐፍ ታትሞ አላየውም።

የኦሮምኛውም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተወስዶ ለባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። አስቴር ጋኖም ወደ ዓረብ አገር በባሕር ስትጫን ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ያስጣሏት ልጅ ነበረች። ሁለቱ በምጽዋ አቅራቢያ፣ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተገናኙ። አብረው የደከሙበት የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 እዚያው ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ። የአስቴር የቋንቋ ችሎታ በየገጹ እያለ፣ ስሟ ግን ዛሬም ከአናሲሞስ እኩል አይጠራም። ይህ ዕዳ ነው፤ ይከፈል!

ወገኖቼ፣ ያገዙንን ባዕዳን መውቀሴ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጥያቄዬ ለእኛ ነው። ጥንት እኮ አቅም ነበረን። የግዕዙ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ሲተረጎም፣ ትውፊቱ እንደሚለው ተስዓቱ ቅዱሳን ከባሕር ማዶ ቢመጡም፣ ብራናውን የፋቀው፣ ቀለሙን የበጠበጠው፣ ቀለቡን የቻለው ይህ አገር ነው። ከዓድዋ አጠገብ ያለው ጥንታዊው የአባ ገሪማ ወንጌል እስከ ዛሬ ከገዳሙ አልወጣም ይባላል።

ዛሬ ግን ሥራው ገና ብዙ ነው፤ በዚህች አገር ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የሌላቸው ብዙ ናቸው። የትርጉም ሥራው ደግሞ አንድ ሊቅ ቢሮ ዘግቶ የሚጨርሰው አይደለም። ረቂቁ ይጻፋል፤ ባልደረቦች ከዕብራይስጡና ከግሪኩ ጋር ያስተያዩታል። ከዚያ ወደ መንደር ይወርዳል። ከዚህ በፊት ላልሰሙት እናቶችና ሽማግሌዎች ይነበብና “ምን ሰማችሁ? በራሳችሁ አንደበት ንገሩን” ይባላሉ። የነገሩት ከተጻፈው ከራቀ፣ የሚታረመው ረቂቁ ነው እንጂ ሰሚዎቹ አይደሉም። እኔ ከሥራው ሁሉ የማከብረው ይህን ነው፤ ማንበብ የማትችል አሮጊት ሊቁን ታርማለች። አዲስ ኪዳን ብቻውን ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ተርጓሚው ይበላል፣ ልጆቹም ይማራሉ።

እንግዲህ እንነሣ! የግዕዝና የአንድምታ መምህራን ያሏችሁ አጥቢያዎች፣ ሊቃውንታችሁን ለአማካሪነት አውሱ። የወንጌላውያንና የካቶሊክ ምእመናን፣ ለአዳራሽ ከምታዋጡት ላይ የአንድ ተርጓሚ ደመወዝ ቁረጡ። መጻሕፍቱ 66 ናቸው ወይስ 81 የሚለው ክርክር ይቆየን፤ የማርቆስ ወንጌል ላይ ማንም አይጣላም። ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ በእናት ቋንቋችሁ ረቂቅ አንብቡ፣ አርሙ። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ያላችሁ የአነስተኛ ቋንቋዎች ልጆች፣ ድምፃችሁን ቅዱ፣ ገንዘብ አሰባስቡ፤ ማንበብ ለማይችል ወገን የተቀዳ ድምፅ ከታተመ ገጽ ይቀድማል። ወጣቶች፣ ኮምፒውተሩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ትየባው የእናንተ ነው።

በመጪው እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ከመበተናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በመካከላችን መጽሐፉን በአፍ መፍቻው ያላገኘ ማን ነው? እጁን ያወጣውን ሰው ስም መዝግቡ፣ ሥራውን የሚመሩ አምስት ሰዎች ምረጡ፣ የመጀመሪያውን መዋጮ እዚያው ሰብስቡ።