አዳዳ፣ ቤቱን ከሐይቁ ራቅ አድርጊው

ባለፈው ወር አክስቴ ከጅዳ በዋትስአፕ የቤት ፕላን ላከችልኝ። «እስቲ እየው፤ የተማርከው አንተ ነህ» አለችኝ በድምፅ መልእክት። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው እንጂ አርክቴክት አይደለሁም። አክስቴ ዘንድ ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉን ያውቃል፤ ስለዚህ ከፍቼ አየሁት። ሦስት መኝታ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ከፊት ለፊት ትልልቅ መስታወት፣ ከኋላ ማድ ቤትና ሽንት ቤት። የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ እያልኩ ቆየሁና መጨረሻ ላይ ነቃሁ። ከሚሴ ያለው ቤቷ ነው! የተቀየረው አድራሻው ብቻ ነው። አዲሱ ቤት የሚሠራው ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ዳር ነው።

የከሚሴውን ቤት የሠራችው በመጀመሪያዎቹ የስደት ዓመታቷ ባጠራቀመችው ብር ነው። ሰው ቤት እያጸዳች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች የላከችው ብር ነው። በብሎኬት ተገንብቶ፣ በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ ገብቶለት ሲያልቅ ሰፈሩ ሁሉ «ማሻአላህ» ብሏል። እኔም ብያለሁ። ችግሩ ማንም ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ድረስ ውስጡ መቀመጥ አለመቻሉ ነው። አያቴ ቀኑን ሙሉ የምታሳልፈው ከጓሮ፣ ማንጎው ሥር ነው። ሳሎኑ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፤ እንግዳውም ቡናውን ሳይጨርስ ወደ ማንጎው ይወጣል።

ከሚሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሙቀቷ ቀልድ አይደለም። ግን የዚህ ቤት ሙቀት ከአላህ የመጣ ብቻ አይደለም፤ ግማሹን እኛ ነን የሠራነው። ቆርቆሮ ስስ ነው፤ ፀሐይ እንዳረፈበት ይግላል፣ ሙቀቱን ወዲያው ወደ ታች ይለቃል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ያለው አየር መውጫ ካልተተወለት ተዘግቶ ይጋገራል። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል የሚመታውን ፀሐይ እስከ ማታ ይዞ ልክ ሰው ሊተኛ ሲል ወደ ውስጥ ይለቃል። ትልልቆቹ መስታወቶች ደግሞ የተገጠሙት በዚያው በምዕራብ በኩል ነው። ለምን? መንገዱ በዚያ በኩል ስለሆነ፤ ቤቱ የተሠራው ለኗሪው ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው ነው።

አሁን ከከሚሴ ብዙም ሳንርቅ እንውጣ። እዚሁ ደዋ ጨፋ ወረዳ ውስጥ ሾንኬ የሚባል የአርጎባ መንደር አለ። ቲክቶክ ላይ አይታችሁት ይሆናል፤ ተራራ አናት ላይ የተደራረቡ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ኗሪዎቹ ዕድሜውን በመቶዎች ዓመታት ነው የሚቆጥሩት። እኔ የሄድኩት ለፎቶ ነበር፤ የተመለስኩት ግን ስለ ግድግዳ እያሰብኩ ነው። ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት አለው፤ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ፣ ጣሪያው በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎበት ነው የተሠራው። ዳገቱን ስወጣ ላቤ ሲንጠፈጠፍ ቆይቶ በሩን ዝቅ ብዬ ስገባ ቀዘቀዘኝ። አስማት የለውም። ወፍራም ድንጋይና አፈር የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይውጣል፤ ወደ ውስጥ እስኪደርስ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው። ቤቶቹ ተጠጋግተው አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል። ዲዛይን ማለት ይኼ ነው፤ ያውም ያለ አውቶካድ።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች። «እኔ እኮ የተሰደድኩት ያንን ልቅለቃ ሸሽቼ ነው» አለችኝ።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ብዙ አሰብኳት። ስለ «ሀገር በቀል ዕውቀት» የሚጽፍ ወንድ ሁሉ ቢያስባት ጥሩ ነው፤ እኔን ጨምሮ። የጭቃ ቤት ርካሽ የሚመስለው የሴቶቹ ጉልበት በብር ስላልተቆጠረ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እበት ከአፈር አቡክቶ የሚለቀልቀው ማነው? እሷና እህቶቿ ነበሩ። በዚያ ላይ በእኛ አካባቢ ምስጥ አለ፤ የባህር ዛፍ ማገር በጥቂት ዓመት ውስጥ ዱቄት ያደርገዋል። የጨፋ ሜዳ ዋልካ አፈር ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለግድግዳ አይሆንም። ስለዚህ «ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ» ብዬ አልጽፍም። አክስቴን ማየት እፈራለሁ።

ግን በድሮው ጭቃ ቤትና በብሎኬት መሃል ሌላ መንገድ አለ፤ እሱን ነው ማንም ያልነገራት። አዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሱዱ የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። ግድግዳው በቅርጽ ውስጥ ከተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ወለሉና ጣሪያው ደግሞ ከስስ የአፈር ጡብ በቅስት ተደርድሮ የተሠራ ነው። ሐሳቡ እንጨትና ብረትን በተቻለ መጠን መቀነስ ነበር። ከዚያ ቀለል ያለም አለ፦ ቀይ አፈር ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ጨምሮ በማሽን የሚጠቀጠቅ ጡብ። ብዙ ሰው በማሽኑ ስም «ሃይድራፎርም» ይለዋል። አይቃጠልም፣ ማገዶ አይፈጅም፤ መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ካለና የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው ካራቀ በየዓመቱ መለቅለቅ አያስፈልገውም። ምስጥም ጡብ አይበላም።

እዚህ ጋ ኢኮኖሚስቱ ይናገር። አክስቴ ከምታወጣው ብር አብዛኛው ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለቆርቆሮ ነው የሚሄደው። ያ ብር ከሚሴም ሐይቅም አያድርም፤ በመጣበት ሲኖትራክ ይመለሳል። ለድንጋይ ጠራቢ፣ ለአፈር ቆፋሪ፣ ለጡብ ጠቅጣቂ የሚከፈለው ግን በማግስቱ እዚያው ገበያ ላይ ሽንኩርት ይገዛል፣ የልጅ ደብተር ይገዛል። ሲሚንቶ ሲወደድና ሲጠፋ ስንቱ ቤት ከመስኮት በላይ ማለፍ አቅቶት እንደቀረ አይተናል። ለሚ ላይ ትልቁ ፋብሪካ በ2017 መባቻ ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፤ ሲሚንቶ ያስፈልገናል። ግን በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ ሰባትና ስምንት እጅ ያህሉ ከሲሚንቶ ምርት ነው የሚመጣው፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ነው ጋዙን የሚለቀው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለማቆም የድልድይ ያህል ሲሚንቶ መጨረስ ብክነት ነው።

«ታዲያ ሰው ለምን አይሠራውም?» ካላችሁ፣ መልሱ ድንቁርና አይደለም። ባንክ ቤትን ለብድር ዋስትና ሲገምት ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ያያል፤ «አፈር» የሚል ቃል ካለበት ግምቱ ይወርዳል። ቤት ለመሸጥ ሲታሰብም እንደዚያው። ጎረቤትም አለ፤ ከጅዳ በመጣ ብር የአፈር ቤት ሠራች ከተባለ ያው «ብሩን ምን አደረገችው?» ነው ወሬው። አክስቴ የምትገዛው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ አልከሰርኩም የሚል ማስረጃም ጭምር ነው። ይህ የገበያ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ አልስቅበትም።

ወደ ሐይቅ እንሂድ፤ ዋናው ጭንቀቴ እዚያ ነው።

ስሙም ሐይቅ፣ ነገሩም ሐይቅ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ከከሚሴ በብዙ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ማታ ይበርዳል። ስለዚህ የከሚሴው ቤት እዚያ ሲደገም ተቃራኒውን ችግር ይፈጥራል፤ ቀን በቆርቆሮው ይሞቃል፣ ሌሊት በዚያው ቆርቆሮ ይበርዳል። ይኼ ግን በብርድ ልብስ ይታለፋል። የማይታለፈው ሽንት ቤቱ ነው።

ሐይቅ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት፣ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ውኃ ነው። ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። እኛ ከሚሴዎች ከቦርከና ጋር ነው የምንኖረው፤ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ሲወርድ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ ከብት የሚያጠጡትም ያውቃሉ። ቦርከና ግን ቢያንስ ይሄዳል። ሐይቅ አይሄድም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀመጣል፦ ሳሙናው፣ ሽንቱ፣ ማዳበሪያው። ፕላኑ ላይ ከቤቱ ጀርባ፣ በውኃው በኩል፣ አራት ማዕዘን ተስላ «ሴፕቲክ ታንክ» ተብሎ ተጽፏል። በተግባር ግን የሚቆፈረው ታቹ ያልተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ቶሎ አይሞላም ይባላል። ለምን አይሞላም? ወደ ሐይቁ ስለሚሰርግ ነዋ!

አንድ ቤት ሐይቅ አይገድልም። ችግሩ አክስቴ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። ውኃ ዳር ቤት፣ ሎጅ፣ ካፌ የሚመኘው ብዙ ነው፤ ሁሉም «የእኔ አንዲት ጉድጓድ ምን ታመጣለች?» ይላል፣ ሁሉም ለየብቻ ሲታይ ልክ ነው። ጥቅሙን እያንዳንዱ ለብቻው ይወስዳል፣ ጉዳቱን አሳ አጥማጁም ገዳሙም አብረው ይካፈሉታል። ጣና ላይ እምቦጭ በ2004 ገደማ ሲታይ እንዲህ ይስፋፋል ያለ ጥቂት ሰው ነበር፤ አረሙ የሚወፍረው ከእርሻና ከከተማ በሚገባለት ምግብ ነው። ሐረማያም አለ፤ ለመስኖና ለከተማ ውኃ ሲሳብ፣ ደለል ሲሞላው ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሰው በእግሩ ተሻግሮታል። ኋላ ውኃው ተመልሷል፤ ግን ማንም ያንን ዕድል ሁለት ጊዜ ይመኛል ብዬ አላስብም።

መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ ምጡቅ ነገር አይደለም። አባያና ጫሞ አጠገብ ያለችው አርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሮዛ በተባለ ፕሮጀክት ሽንትና ዓይነ ምድርን ለይተው የሚይዙ ደረቅ ሽንት ቤቶችን ሞክራለች፤ ደርቆ የበሰበሰው ማዳበሪያ ይሆናል፣ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርግ ነገር አይኖርም። አክስቴ ደረቅ ሽንት ቤት እሺ እንደማትል አውቃለሁ። ይሁን። ቢያንስ ጉድጓዱ ታቹም ጎኑም የተለሰነ ይሁን፣ ከቤቱ በላይ በመንገዱ በኩል ይቀመጥ፣ ሲሞላ በመኪና ይመጠጥ። የጣሪያው ዝናብ በታንከር ይጠራቀም። ውኃው ዳር ያለው ቄጠማና ፊላ አይነቀል፤ «ንጹህ ባህር ዳርቻ» ለማድረግ ብለን የምንነቅለው ሣር ነው ደለሉንና ቆሻሻውን የሚያጣራው። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰው እየኖረበት ዳርቻው አሁንም ዛፍ ነው።

ሕጉስ? ሕግ አለ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላት ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ውስጥ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። የሕንፃ አዋጁም ቁጥር 624/2001 ከሁለት ፎቅ በታች ያለ መኖሪያ ቤትን «ምድብ ሀ» ውስጥ ከትቶት ነበር፤ ቀላሉ ምድብ ማለት ነው፣ አርክቴክት ሳይነካው የሚያልፈው። እኔ ማዘጋጃ ቤቶችን የምጠይቀው እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ምድብ የሚሆን ፕላን ለቆላ አንድ፣ ለወይና ደጋ አንድ አሠርታችሁ በነጻ ስጡ። ሰው ፕላን የሚገለብጠው ወዶ አይደለም፤ የሚገለብጠው እሱ ብቻ ስላለ ነው። የሚገለበጠው ጥሩ ከሆነ በቃ፣ ይገልብጠው! የሐይቁን ወሰን ደግሞ መሬት ላይ በሚታይ ድንጋይ አስምሩ። ቢሮ ውስጥ ካርታ ላይ ያለ መስመር ጅዳ ያለች ሴት አታየውም፤ ቦታ የሚያሻሽጠው ደላላም አያሳያትም።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ በሰባት የድምፅ መልእክት ላክሁላት። «አዳዳ፣ ቢያንስ ቤቱን ከሐይቁ ራቅ አድርጊው» አልኳት። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን መለሰች፦ መስታወቱ ከምዕራብ ይዙር፣ ጉድጓዱ ወደ መንገዱ በኩል ይምጣ፣ የአፈር ጡቡን ግን ቆመው የሚታዩ ቤቶች ካሉ ፎቶ ላክልኝ፣ «አብሽር፣ አየዋለሁ» አለች። መራቁን በተመለከተ ግን ቦታው ራሱ ጠባብ ነው፤ ከውኃው እስከ አጥሩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የባሏ ወንድም ደግሞ አሸዋውን ባለፈው ቅዳሜ አራግፏል።