ጽሑፉ የጠፋበት ትራንስፎርመር

ከአሮጌ ባለቫልቭ አምፕሊፋየር የተፈታ፣ መለያ ጽሑፉ የጠፋበት የውፅዓት ትራንስፎርመር ሲገኝ ብዙ ተማሪ አስቀድሞ የሚያነሣው ኦሞሜትር ነው። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል እንላለን። ኦሞሜትር የሚነግረን የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ነው፤ ጥምጥሙ አለመበጠሱን ለማረጋገጥና የቫልቩን ወገን ከስፒከሩ ወገን ለመለየት ይጠቅማል እንጂ ቫልቩ የሚሸከመውን ጭነት አያሳይም።

ቁም ነገሩ ያለው በጥምጥሞቹ የዙር ንፅፅር ላይ ነው። በስፒከሩ በኩል 1 ቮልት ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ሰጥተን በቫልቩ በኩል 25 ቮልት ብናነብ ንፅፅሩ 25 ነው። የኢምፔዳንሱ ንፅፅር የሚገኘው ግን ይህ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ስለሆነ 625 ይሆናል። እንግዲህ ባለ 8 ኦም ስፒከር ሲገጠም ለቫልቩ የሚደርሰው ጭነት 5000 ኦም ነው ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የወጣው 6ቪ6 ቫልቭ ለብቻው በ250 ቮልት ሲሠራ የሚመከርለትም ይኸው ነው። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ያው ትራንስፎርመር 2500 ኦም ያሳያል። ስለሆነም የስፒከሩን መጠን ሳይጠቅሱ «ባለ 5000 ኦም ትራንስፎርመር» ማለት፣ ምንም እንኳ የተለመደ ቢሆን፣ ጎደሎ አነጋገር ነው።

ሙከራውን በ220 ቮልት የግድግዳ መስመር መጀመርን ደግሞ አጥብቀን እንቃወማለን። ተሳስቶ በስፒከሩ ወገን የሰካ ሰው በስሌት ረገድ የሚጠራው 5500 ቮልት ነው! ከቤተ ሙከራው ሲግናል ጄኔሬተር የሚገኝ 1 ቮልት ይበቃል፤ በወዲያኛው ጫፍ የሚወጣውንም 25 ቮልት ቢሆን በባዶ እጅ አለመንካት ነው።