«ብርድ መታት» የምንላት አራስ

እኔ ባደግሁበት በሰባተኛ ሰፈር አንዲት አራስ ፊቷ ወደ አንድ ወገን ቢጣመም ወይም ጣቶቿ ቢደነዝዙ ምክንያቱ አይመረመርም። «ብርድ መታት» ይባላል፤ ዳማከሴ ይጨመቃል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። እርግጥ ነው፣ የዚህ ሁሉ መነሻ ሥጋ ደዌ ነው ማለቴ አይደለም። ዳሩ ግን ከእነዚህ እናቶች መካከል የሥጋ ደዌ በሽተኛ የሆነችው «ብርድ» በሚለው ስም ተሸፍና እጇን ታጣለች። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በሕክምና ነገር ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በሽታውን የደበቅንበት መሣሪያ ቃል ነውና የእኛም ፋኩልቲ ያገባዋል እለዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ ፅንሱን እንደ ባዕድ እንዳያባርር የመከላከል ኃይሏ ረገብ ይላል። ይህ ለልጁ መልካም ነው፤ በቆዳዋና በነርቮቿ ውስጥ ለተደበቀው ጀርም ግን ፋታ ይሰጠዋል። ስለዚህ በእርግዝናው መጨረሻ ወራት አዲስ ምልክት ሊወጣ፣ የዳነ የመሰለውም ሊያገረሽ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ የመከላከል ኃይሉ ተመልሶ ጀርሙን ሊያጠፋ ይነሣል። ውጊያው የሚካሄደው ነርቭ ውስጥ ነውና ነርቩ ያብጣል፣ ይጎዳል፤ እጅ ይደነዝዛል፣ የዓይን ቆብ አልከደን ይላል። ክፉው ጊዜ እንግዲህ እልል ተብሎ ገንፎው ከተበላ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው።

ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በአለርት፣ ከመርካቶ በታክሲ በሚደረስበት በዘነበ ወርቅ፣ ኤልሳቤጥ ደንከን የተባሉ የማሕፀን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጽፈውታል። የእነዚህ እናቶች የእንግዴ ልጅ አነስተኛ፣ ሕፃናቱም ሲወለዱ ክብደታቸው ዝቅ ያለ፣ እድገታቸውም ዘገምተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ነርቩም አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ይሞታል። በደነዘዘ እጅ የጀበና ጆሮ የምትይዝ ሴት መቃጠሏን የምታውቀው ቁስሉን ስታይ ነው።

ታዲያ አይውለዱ ማለት ነውን? ይህን የሚሉትን በሰፈራችን ብቻ ሳይሆን በመኝታ ክፍላችንም ሰምቻለሁ። ሥጋ ደዌ በዘር አይወርድም፤ ኖርዌያዊው ሐንሰን ጀርሙን ያየው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ የተማረ ሰው እስከ ዛሬ እንዴት አልሰማም! መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ያረገዘችም የምታጠባም አታቋርጠውም። ክሎፋዚሚን የተባለው የልጁን ቆዳ ሊያጠቁር ይችላል፤ ይህም ዘመድን ያስደነግጣል፣ ግን ይለቃል። በፍጹም መከልከል ያለበት አንድ አለ፤ ይኸውም ትኩሳትና እባጭ ለሚያስከትለው የበሽታው ቁጣ የሚረዳው ታሊዶማይድ ነው። የፅንስን እጅና እግር እንደሚያጎድል ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ያውቃል።

እኔን የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። እናቲቱ ልጇን ለማስከተብ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ትመጣለች። እነዚህ ሳምንታት ነርቧ አደጋ ላይ ካለበት ጊዜ ጋር ይገጥማሉ። ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፤ እናቱን ግን «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ መዳፍሽን ስነካሽ ይሰማሻል? ትንሿን ጣትሽን ዘርጊ» የሚላት አይኖርም። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያውም የእስክሪብቶ ጫፍ ነው። ጉዳቱ 6 ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት በፕሬድኒሶሎን ነርቩ የመመለስ ተስፋ አለው። በ9ኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ስትመለስ ይህ ጊዜ ሊያልፍባት ይችላል።

የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ለልምምድ ወደየጤና ጣቢያው ሲወጡ ይህችን ጥያቄ ይዘው ቢወጡ ምን ይከብዳቸዋል? ይከብደናል የሚሉ ከሆነ ምክንያታቸውን በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን።