ለልጃችሁ ተቅማጥ “የእርሾ ናኖ” አትግዙ፤ ኦአርኤስ ግዙ



“ዶክተር፣ መድኃኒትን አንጀት ድረስ የሚያደርስ ከእርሾ የተሠራ ነገር ተገኝቷል ይባላል፤ ለልጄ ልግዛለት?” የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። አጭሩ መልሴ፦ አትግዙ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የሚባል እርሾ አለ። አንሪ ቡላር የተባለ ፈረንሳዊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢንዶቻይና ከፍራፍሬ ልጣጭ ለይቶ ያወጣው ነው። ዛሬ በካፕሱልና በዱቄት መልክ ይሸጣል። ይህ እርሾ እንደ ሌሎች ሕዋሳት ሁሉ በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶችን ይለቃል። ተመራማሪዎች እነዚህን ከረጢቶች ሰብስበው፣ መድኃኒት ጭነውባቸው ወደ ታመመ አንጀት ለመላክ እየሞከሩ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከረጢቱ እንደ እርሾው ሕይወት ስለሌለው ሰውነት ውስጥ አይራባም። እኔም ቢሳካ ደስ ይለኛል።

ነገር ግን ሥራው ገና በላብራቶሪና በአይጦች ላይ ነው። ለሕፃን መጠኑ ስንት ነው? ዛሬ የተመረተውና ነገ የሚመረተው አንድ ዓይነት ይሆናል? ጭነቱ በትክክል የት ይራገፋል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ “ግዙ” የሚላችሁ ሰው እየነገደ እንጂ እያከመ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. “ኤክሶሶም” እየተባሉ ስለሚሸጡ ምርቶች ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፣ እሱ የፈቀደው አንድም የኤክሶሶም ምርት እንደሌለ ተናግሯል። እነዚያ ከእርሾ የተሠሩ አልነበሩም፤ ጥናቱ ሳያልቅ ለገበያ የማቅረቡ ዘዴ ግን ያው ነው።

ደግሞም ከረጢቱ ተሸካሚ ነው። ጆንያ በራሱ እህል አይሆንም። ውስጡ ምን እንዳለ ያልተነገራችሁን ነገር ለልጅ አትስጡ።

“እርሾ ተፈጥሯዊ ነው፤ እንጀራችንስ በእርሾ አይደል?”

የእንጀራውን እርሾ ምጣዱ ይገድለዋል። የቡላርዲ ዱቄት ግን በሕይወት ያለ ፈንገስ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም። በጽኑ የታመመ፣ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ወይም በትልቅ የደም ሥር ቱቦ የገባለት ታካሚ ላይ ግን ወደ ደም ገብቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በአውሮፓ ለእነዚህ ታካሚዎች እንዳይሰጥ ተከልክሏል።

ታዲያ እርሾው ምንም አይጠቅምም?

ይጠቅማል። አንቲባዮቲክ ሲወሰድ የሚመጣን ተቅማጥ ለመከላከል ማስረጃ አለው፤ ሐኪም ካዘዘላችሁ ውሰዱት። ለልጆች ድንገተኛ ተቅማጥ ግን ባለሙያዎች አልተስማሙበትም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ፕሮባዮቲክ ባይሰጥ ይሻላል ብሏል። በኦአርኤስ ላይ ግን የሚከራከር ሐኪም አታገኙም።

የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ውኃውንና ጨውን ከሰውነቱ አሟጦ ነው። ያንን የሚተካው በጥቂት ብር የሚገኘው ፓኬት ነው። ወላጅ ያለ የሌለ ገንዘቡን ለውድ ብልቃጥ ከፍሎ ኦአርኤሱን ሳይገዛ ከተመለሰ፣ ልጁ የሚያጣው ጊዜ ነው፤ ተቅማጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ ይህን አድርጉ፦

– ኦአርኤሱን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን (አብዛኛውን ጊዜ 1 ሊትር) ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። ባስቀመጠው ቁጥር ቀስ በቀስ አጠጡት። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት።
– ዚንክ ስጡ፦ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚ.ግ፣ ከዚያ በላይ 20 ሚ.ግ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጡ።
– ጡት ማጥባትም ሆነ መመገብ አታቁሙ።
– ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካልቻለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሻጩ ከመጣባችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ በሕፃናት ላይ ተሞክሯል? በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ጥርት ያለ መልስ ካልሰጣችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩት።